ተሳቢው የማን ነበር?

የኢትዮጵያን መንገድ ከሾፌር ቀጥሎ አብጥሮ የሚያውቀው ማን ነው ብትሉኝ፣ የመለዋወጫ ሱቅ ሠራተኛ ነው እላችኋለሁ። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ የከባድ መኪና ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው። አባይ በረሃን በዓይኔ ከማየቴ በፊት ከዚያ በመጣ የፍሬን ሸራ የቃጠሎ ሽታ አውቄዋለሁ። የአፋርን ሐሩር ግራሶው ቀልጦ ያለቀበት ኩሽኔታ ነግሮኛል። ኮረኮንች የሰበረው ባሌስትራ ከልክ ያለፈ ጭነት ከሰበረው በምን እንደሚለይ፣ ጣርማበርን ሲወጣ የከረመ ፍሪሲዮን ምን እንደሚመስል የሱቁ ባለቤት ሐጂ ዕቃውን በእጃቸው እያገላበጡ አስተምረውኛል።

ከዚያ ዘመን ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝ የተሳቢ ነገር ነው። የመኪናው ዕቃ ሲበላሽ ሱቃችን የሚመጣው የጭነት ድርጅቱ ግዥ ሠራተኛ ነበር። የተሳቢው ሲሆን ግን ሾፌሩ ራሱ ይመጣል፤ የሚከፍለውም ከኪሱ ነው። የድርጅት ንብረት በሾፌር አበል ሲጠገን ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ስለነበረ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ እንኳ አልነበረም።

ጊዜው 1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ደርግ ወድቆ የጭነት ሥራ ከመንግሥት ድልድል ተላቆ ለገበያ ተለቋል። የሀገሪቱ ገቢ ዕቃ በአብዛኛው የሚገባው በአሰብ ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ በሚሌና በአዋሽ በኩል ሲንከባለል የመጣው ጨርቅ፣ ቆርቆሮ፣ ሳሙናና ጎማ ማረፊያው መርካቶ ነው። ሲመሽ በየተራው ጥግ መኪኖቹ ከነተሳቢያቸው ይደረደራሉ። ጫኝና አውራጁ ሸራውን ገልጦ ጆንያ ሲያወርድ፣ ረዳቶች ደግሞ ከሻንሲው ሥር በጀርባቸው ተኝተው በባትሪ ብርሃን ብሎን ያጠብቃሉ። አብዛኛው መኪና ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ነበር። ከጣሊያን ዘመኑ ትሬንታ ኳትሮ ቀጥሎ የዚህን ሀገር ጭነት በትከሻው የተሸከመ መኪና ቢኖር እሱ ነው።

ያ መኪና ባለቤት ነበረው። የድርጅቱ ቢሆንም ሾፌሩ ፈርሞ የተረከበው፣ በስሙ የሚጠራ፣ ጠዋት ዘይቱን አይቶ ማታ አጥቦ የሚያሳድረው ነው። ተሳቢው ግን ዛሬ ከአንዱ ኋላ ይታሰራል፣ ነገ ከሌላው። ከአሰብ ይዞት የመጣው ሾፌር መርካቶ አራግፎ ሲፈታው፣ በማግስቱ ሌላው ሾፌር ስንዴ ጭኖበት ወደ ጎጃም ይወርዳል። ያለፈው ሾፌር ያየውን ስንጥቅ የሚቀጥለው አያውቀውም። ሞተር የለውም፣ አይጮህም፤ ጭስ የለውም፣ አያስታውቅም። ጎማው እስከዞረ ድረስ ይሄዳል፤ እስከሄደ ድረስም ደህና ነው ይባላል። ጎማ እንኳ አዲስ አይደርሰውም ነበር፤ የመኪናው የፊት ጎማ ሲበላ ወደ ኋላ ይዞራል፣ እዚያም ሲላላጥ ለተሳቢው ይሰጣል። የታላላቆቹን ልብስ እየተቀበለ የሚያድግ የመጨረሻ ልጅ ነበር ተሳቢ።

አንድ ጠዋት አንድ ጠና ያሉ ሾፌር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡ። ባንኮኒው ላይ ፈቱት። የተሳቢ ጎማ ኩሽኔታ ነው። ቀለበቱ ከመጋሉ የተነሳ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ክብ መሆን የነበረባቸው ሮለሮች በአንድ ጎናቸው ተልጠው ጠፍጥፈዋል፤ በመካከላቸው የቀረው ግራሶ ጠቁሮ ደርቆ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ግራሶ ካየ ስንት ጊዜው ነው?» አልኳቸው።

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ ልጄ? ተሳቢውን የሰጡኝ ከትናንት ወዲያ ነው» አሉኝ።

አዋሽ 7 ኪሎን አልፈው ወደ መተሐራ ሲመጡ ረዳታቸው በግራ በኩል ከኋላ ጎማ ጭስ ያያል። ቆመው ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ ሲነኩት እጅ አያስቀርብም። ጎማውን አውልቀው፣ ኩሽኔታውን በመዶሻ እየደበደቡ አውጥተው፣ ረዳቱን ጭነቱን እንዲጠብቅ እዚያው በረሃ ትተው፣ እሳቸው በአውቶቡስ ተሳፍረው አውቶቡስ ተራ ወርደው፣ ከዚያ በእግራቸው ወደ እኛ መጥተዋል።

«ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢጨምሩበት ጎማው ከነሞዞው ጥሎዎት ይሄድ ነበር» አሏቸው ሐጂ።

«አውቃለሁ ሐጂ። የሚሄደው ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም፤ ሰው ወዳለበት ነው።»

ሁለት ኩሽኔታ ገዙ፤ አንዱን ለተቃጠለው፣ ሌላውን ተራው ሲደርስ ለሚቃጠለው ለጎረቤቱ። ግራሶም ጨመሩ። ደረሰኝ ስጽፍላቸው «በድርጅቱ ስም ብትጽፈውም ባትጽፈውም አንድ ነው፤ በፕሮፎርማ ያልተገዛ ነው ብለው አይተኩልኝም» አሉኝ። ሒሳቡን ከአበላቸው ቆጥረው ከፍለው፣ ምሳ ሳይበሉ ተመልሰው ወጡ።

ፕሮፎርማ መጻፍ የእኔ ሥራ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሾፌሩ ጉድለቱን በብልሽት ማመልከቻ ቅጽ ያሰፍራል። ጋራዡ አይቶ ይፈርማል፣ ንብረት ክፍል ዕቃው በመጋዘን የለም ብሎ ይፈርማል፣ ግዥ ክፍል ሠራተኛውን ወደ መርካቶ ይልካል። ሠራተኛው ከሦስት ሱቅ ዋጋ አጽፎና ማኅተም አስመትቶ ይመለሳል። ከዚያ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። አሠራሩ የተበጀው ለደግ ነገር ነው፤ የሕዝብና የድርጅት ገንዘብ እንዳይሰረቅ። ነገር ግን ወረቀቱ ዞሮ እስኪያልቅ ተሳቢው አሰብ ደርሶ ይመለስ ነበር። የሞተር ዕቃ ከሆነ መኪናው ስለሚቆምና ገቢ ስለሚቋረጥ ሁሉም ይሯሯጣል። የተሳቢ ፍሬን ወይም ኩሽኔታ ሲሆን ግን የሚያቻኩል የለም፤ ተሳቢው ይሄዳላ! አንዳንዱ ወረቀት ከወራት በኋላ ሲመለስ ዋጋው ተለውጦ ነበር፤ እንደገና «አዲስ ፕሮፎርማ ጻፍ» እባላለሁ። በመጨረሻ ሲገዛም የሚያሸንፈው ትንሹ ዋጋ ነው፤ ትንሹ ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎርጅድ ነው።

በባንኮኒው ፊት የማያቸው ሁለት ሰልፎች እነዚህ ነበሩ። አንደኛው የወረቀት ሰልፍ ነው፤ ሁለተኛው በጋዜጣ የጠቀለለውን ይዞ የሚገባ የሾፌር ሰልፍ። የመጀመሪያው ቸኩሎ አያውቅም፤ ሁለተኛው ደግሞ ነገ ቁልቁለት አለበት።

ስለ ቁልቁለቱ ነገር የገባኝ ከሾፌሮቹ ነው። የተሳቢ ፍሬን የሚሠራው በንፋስ ነው። ንፋሱን ከመኪናው ወደ ተሳቢው የሚያደርሰው ቱቦ ሲቀደድ ወይም መጋጠሚያው ሲያፈስ፣ ተሳቢው በራሱ ጊዜ ፍሬኑን ይይዛል፤ የተሠራው እንዲህ ነው፣ ለደህንነት። አዲስ ቱቦ የሌለው ሾፌር ግን መንገድ መሃል ተገትሮ መቅረት ስለማይችል፣ የተቀደደውን በካልማዳሪ ቁራጭ ጠፍሮ ያስራል። እሱም አልይዝ ካለ በመኪናው ጀርባ ያለውን የንፋስ መዝጊያ ዘግቶ፣ የተሳቢውን በርሜል አስተንፍሶ፣ ፍሬኑን አስለቅቆ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ተሳቢው ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ሜዳ ላይ ማንም ልብ አይለውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ መውረድ ሲጀምር ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ የሚወርደው ቁልቁለት ሁሉ በመኪናው ፍሬን ላይ ይወድቃል። መኪናው ሲይዝ ተሳቢው ከኋላ ይገፋል። ሾፌሩ ማርሽ አስሮ በዝግታ ቢወርድም ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው ይነዳል፣ በመጨረሻ ፔዳሉን ቢረግጡት ቢረግጡት መልስ የለም። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለውና በዜና የምንሰማው ነገር ብዙ ጊዜ አጀማመሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ወረቀት ይኖራል።

ዳገቱ ደግሞ የረዳት ፈተና ነው። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተር ቢጠፋ፣ ወይም ማርሽ ቢያመልጥ፣ ፍሬን የሌለው ተሳቢ መኪናውን ወደ ኋላ ይስበዋል። ያን ጊዜ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘላል። ጎማው ሥር ታኮ እስኪያስገባ ድረስ በእሱና በዚያ ሁሉ ኩንታል መካከል ምንም የለም።

ሱቃችን የሚመላለስ አንድ ረዳት ነበረ፤ የአብነት ሰፈር ልጅ። ሾፌሩ ዕቃ ሲመርጥ እሱ የዕቃውን ስም በወረቀት ይጽፋል፤ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ይዘጋጅ ነበር። ታኮውን ከወይራ ራሱ ጠርቦ፣ እንዳይንሸራተት ሥሩን በአሮጌ ጎማ ለብጦ፣ ማንጠልጠያ ገመድ አበጅቶለት ነበር። ሱቅ ሲገባ እንኳ አይለየውም፤ «መኪናው ላይ ብተወው ይሰርቁኛል» ይል ነበር። አንድ ቀን ሾፌሩ ሳይመጣ ወሬው ብቻ መጣ። በዚያው በደጀን ዳገት መኪናው ተንሸራቶ፣ ልጁ ታኮውን ይዞ ወርዶ፣ የመጀመሪያው ጎማ ታኮውን ገፍቶ አልፎት ኖሯል። ልጁ ሞተ። ሾፌሩ ታሰረ።

የዚያን ተሳቢ የፍሬን ሸራና የንፋስ ቱቦ ፕሮፎርማ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ሾፌሩ ጉድለቱን በቅጹ አስፍሮታል፣ ግዥ ሠራተኛው መጥቶ አጽፎታል፣ ወረቀቱ ሄዶ አልተመለሰም። የካርቦን ቀሪው በጥራዛችን ውስጥ ነበር። ሐጂ ቀሪውን ቀደው፣ የሱቁን ማኅተም አድርገውበት፣ ለሾፌሩ ወንድም ሰጡት፤ «ለዳኛው አሳዩልኝ፤ ከፈለጉም መጥቼ እመሰክራለሁ» አሉ። የጠራቸው የለም። ሾፌሩ ተፈረደበት። የሟቹ እናት ካሳ ለመጠየቅ ድርጅቱ ዘንድ ሲሄዱ የልጃቸው ስም በመዝገብ ላይ አልተገኘም፤ ረዳት የሚቀጠረው በሾፌሩ ነው ተባሉ። በሳምንቱ ግዥ ሠራተኛው ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጥቶ የፍሬን ሸራውንም፣ ቱቦውንም፣ ኩሽኔታውንም አንድ ላይ ገዛ። ያን ዕለት ፕሮፎርማ አልተጠየቀም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ተሳቢው ተጠግኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። የሀገሪቱ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሾፌሮቹ ወደ ጋላፊ የሚወስደውን መንገድ እንደ ቤታቸው ለመዱት። የጎማ ሽያጭ ጨመረ፤ በዚያ ሐሩር አሮጌ ጎማ አይበረክትም። ቀስ በቀስ ኤንትሬው እየቀረ አዳዲስ መኪኖች መጡ፤ በኋላም የቻይናው ሲኖትራክ መንገዱን ሞላው። መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ 400 ኩንታል መጫን የተለመደ ሆነ። ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ ተከፈተ፤ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድም ሥራ ጀመረ። ሀገሪቱ ለመንገድና ለመኪና ያፈሰሰችው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ለውጡም በዓይን የሚታይ ነው። በሱቃችን ግን ዓመታት ካለፉ በኋላም ያው ዓይነት ኩሽኔታ በጋዜጣ ተጠቅሎ ይመጣ ነበር። አዲስ መኪና ከአሮጌ ተሳቢ ጋር ተጋብቶ፣ በጉልበቱ ልክ ፈጥኖ፣ ፍሬኑ ከማይዝ ነገር ጋር ቁልቁለት ይወርድ ነበር።

ሕጉ ባዶ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ ደንግጓል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ችግሩ ሦስቱም ሕጎች አንድ ተሳቢ ላይ ሲገናኙ የሚታየው ሰው አንድ ሾፌር ብቻ መሆኑ ነው። መሪውን የያዘው እሱ ነዋ። ወረቀቱን አስተኝቶ የያዘው ሰው ስሙ በፖሊስ መዝገብ አይገባም።

ምርመራውንም ቢሆን ከባንኮኒ ጀርባ ሆኜ አይቼዋለሁ። የቦሎ ጊዜ ሲደርስ የፍሬን ዕቃና ጎማ የሚገዙ፣ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ «አልተስማማንም» ብለው ዕቃውን ሊመልሱ የሚመጡ ደንበኞች ነበሩ። ሐጂ እንዲህ ዓይነቱን አንድም ቀን አልተቀበሉም። «ያንተን ብር ስመልስ የሰው ነፍስ አብሬ እሰጥሃለሁ» ይሉ ነበር።

ከያኔዎቹ ደንበኞቻችን አንዱ ዛሬ አሜሪካ ነው። እንደ ብዙ ወገኖቻችን እዚያም ከባድ መኪና ይነዳል። ስንደዋወል ከሁሉ በፊት የነገረኝ ስለ ክፍያው ሳይሆን ስለ አንድ ወረቀት ነበር። በዚያ ሀገር ደንብ ሾፌሩ በመኪናውም በተሳቢውም ያየውን ጉድለት በጽሑፍ ያስመዘግባል። ጉድለቱ ደህንነትን የሚነካ ከሆነ ድርጅቱ ጠግኖ፣ መጠገኑን ፈርሞ ካላረጋገጠ በቀር መኪናው አይወጣም። ቀጥሎ የሚረከበው ሾፌርም ያንን ወረቀት አይቶ ይፈርማል። እዚያም ደንቡን የሚጥስ አይጠፋም፤ ግን ሲጣስ የማን ፊርማ እንደጎደለ ይታወቃል። «ወንድሜ፣ ያ ልጅ ይህ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ሾፌር ነበር» አለኝ። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

የድርጅት ባለቤቶችም ብሶት አላቸው፣ እውነትም አላቸው። የውጭ ምንዛሪ እጥረት መለዋወጫን ሲያስወድድ ኖሯል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ጎማና የፍሬን ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋው አብሮ ወጥቷል። ነገር ግን ባንኮኒያችን ላይ ሲፈታ ካየሁት የተሳቢ ብልሽት ብዙው የተጀመረው በውድ ዕቃ እጦት አልነበረም። በጊዜው ያልተቀባ ግራሶ፣ ያልጠበቀ ብሎን፣ ያልተለወጠ ቱቦ ነው። ግራሶ ከኩሽኔታ ይረክሳል፣ ኩሽኔታ ከሞዞ ይረክሳል፣ ሞዞ ከሰው ጋር አይወዳደርም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ለተሳቢም ተናግረዋል።

እነዚያን ሾፌሮች ሳስባቸው ዛሬም አንገቴን ቀና አደርጋለሁ። በልጆቻቸው አፍ ከሚገባ አበል ቆርሰው የሌላ ሰው ንብረት የጠገኑት ለድርጅቱ ብለው አልነበረም። በቁልቁለቱ ግርጌ ያለው መንደር፣ ከፊታቸው የሚሄደው አውቶቡስ፣ ታኮ ይዞ የሚዘለው ልጅ ታይቷቸው ነው። ማንም ሳያመሰግናቸው ስንት ሞት አስቀርተዋል። ግን የአንድ ሀገር መንገድ ደህንነት በሾፌር ደግነትና በሾፌር ኪስ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። እያንዳንዱ ተሳቢ እንደ መኪናው ሁሉ በስሙ ፈርሞ የሚረከበው አንድ የድርጅት ኃላፊ ይኑረው፤ የጥገና ደብተሩም ከተሳቢው ጋር ይጓዝ። መርማሪ ቦሎ ከመስጠቱ በፊት ተሳቢውን ከመኪናው ፈትቶ፣ ፍሬኑን ለብቻው ይፈትሽ። አደጋ ሲደርስ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ከሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ጋር የድርጅቱን የብልሽት ማመልከቻ ፋይል አብረው ይያዙ። የረዳቱ ስም በደመወዝ መዝገብ ይግባ። የመርካቶ ነጋዴም ዕቃው አንድ ቀን ቢዘገይ በስልክ ሾፌሩን አያጣድፍ፤ የዘገየ ጭነት ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሾፌር «ፍሬኑ አይዝም» ብሎ የጻፈበት ተሳቢ፣ ተጠግኖ ካልተፈረመለት በቀር፣ በማንም ትእዛዝ ከግቢ አይውጣ።